ኮንክሪት መሠረት ኮንትሮል ጆይንት ያስፈልገዋልን?

(በሲቪል ምህንድስና ትምህርት ክፍል በተዘጋጀ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



ለዛሬ የመረጥኩት ርእስ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። ኮንክሪት መሠረት፣ በሥራ ቦታ ፉቲንግ የምንለው፣ ኮንትሮል ጆይንት ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? መልሱን አስቀድሜ ልናገር። በፌሮ ብረት ለተጠናከረ፣ በአፈር ለሚሸፈንና ርዝመቱ የተለመደ ለሆነ የሕንፃ መሠረት አያስፈልገውም፤ ማስገባቱም መሠረቱን ያደክመዋል።

ይህን ብቻ ተናግሬ ብወርድ መልሱን በቃላችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ምክንያቱን ግን አትይዙም። ምክንያቱ ያልተያዘ መልስ ደግሞ የቦታው ሁኔታ ጥቂት ሲለወጥ ያሳስታል። ስለዚህ በቀረው ጊዜ መልሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የት ላይ እንደሚጸናና የት ላይ እንደሚለወጥ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጥያቄው ያለ ምክንያት የሚነሣ አይደለም። ተማሪዎች ኮንክሪት እንደሚሰነጠቅ ይማራሉ፤ ለወለል ኮንክሪት በየጥቂት ሜትሩ መስመር እንደሚቆረጥለትም ይማራሉ። ከዚያ ወደ ሥራ ቦታ ወጥተው 30 ሜትር ሳይቋረጥ የሚሄድ መሠረት ሲያዩ ይህስ ለምን አይቆረጥም ብለው ይጠይቃሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጎበኘሁት አንድ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ነገሩ ከጥያቄነት አልፎ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ተከታታዩ መሠረት በየ4 ሜትሩ በቀጭን ሳንቃ ተከፍሏል፤ ፌሮውም ከእያንዳንዱ ሳንቃ ሲደርስ ተቆርጧል። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ለወለሉ የሚደረገው ለመሠረቱም ሊደረግ ይገባል፣ ሁለቱም ኮንክሪት ናቸውና የሚል መልስ ከፎርማኑ አገኘሁ። ኮንክሪቱ ገና አልተሞላም ነበርና ሳንቃዎቹ ተነሥተው ፌሮው በተገቢው መደራረቢያ ተቀጠለ። ፎርማኑ ቸልተኛ ሰው አልነበረም፤ ስንጥቅ እንዳይመጣ የተጨነቀ ባለሙያ ነበር። የያዘው ደንብም በራሱ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን አልነበረም። ለዚህ ነው ደንቡ የተወለደበትን ቦታ ማወቅ የሚያስፈልገው።

ጆይንት ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩ አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አለመግባባቱ በአብዛኛው የሚመጣው እነርሱን ካለመለየት ነው።

የመጀመሪያው ኮንትሮል ጆይንት ነው። ይህ ሆን ተብሎ ኮንክሪቱ የሚዳከምበት መስመር ነው። ኮንክሪቱ መሰንጠቁ እንደማይቀር ከታወቀ፣ ስንጥቁ በዘፈቀደ ከሚሄድ እኛ ባሰመርነው ቀጥ ያለ መስመር ይሂድ የሚል ሐሳብ ነው። በተለመደው አሠራር የቆረጣው ጥልቀት ከወለሉ ውፍረት ቢያንስ ሩቡ ያህል ይሆናል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከውፍረቱ 24 እስከ 36 እጥፍ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ወለል ከ2.4 እስከ 3.6 ሜትር ማለት ነው። በመጋዝ የሚቆረጥ ከሆነም እንደ አየሩ ጠባይ ኮንክሪቱ ከተስተካከለ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መቆረጥ አለበት። ከዘገየ ስንጥቁ ቀድሞ የራሱን መንገድ ያወጣል።

ሁለተኛው ኮንስትራክሽን ጆይንት ነው። ይህ የዛሬው ሙሌት የሚያበቃበትና የነገው የሚጀምርበት ቦታ ነው። ዓላማው መለየት ሳይሆን ማገናኘት ነው፤ ፌሮው ሳይቋረጥ ያልፋል። ሦስተኛው የመነጠያ ጆይንት ሲሆን ወለሉ ከኮለን ወይም ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንዳይጎተት ይለየዋል። አራተኛው ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች የሚከፍለው የእንቅስቃሴ ጆይንት ነው። ይህም በሙቀት ምክንያት የሚደረግና በመሬት መስመጥ ምክንያት የሚደረግ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ወደዚህ ልዩነት በኋላ እመለሳለሁ።

የዛሬው ጥያቄ የመጀመሪያውን ይመለከታል። መሠረት ኮንስትራክሽን ጆይንት ሊኖረው ይችላል፤ በትልልቅ ሥራዎችም ከዚህ ማምለጥ አይቻልም። የምንጠይቀው ግን ሆን ብለን እናዳክመው ወይ ብለን ነው።

ኮንክሪት ለምን ይሰነጠቃል?

ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል። መጠኑ እንደ ሲሚንቶው፣ እንደ ውኃው፣ እንደ ጠጠሩና እንደ አየሩ እርጥበት ይለያያል፤ ለተለመደ ኮንክሪት በአንድ ሜትር ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ላይ ሙቀት አለ። የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ኮንክሪት በአንድ ሜትር 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል።

በሌላ በኩል የኮንክሪት የመሳብ ጥንካሬ ከመጨመቅ ጥንካሬው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሲ-25 የምንለው ኮንክሪት የመሳብ ጥንካሬው 2 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ነው ብንልና የመለጠጥ ሞዱሉሱን 30 ሺህ ሜጋ ፓስካል ብንወስድ፣ በአንድ ሜትር 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ሲለጠጥ ይሰነጠቃል ማለት ነው። እንግዲህ አስተያዩት። ሊኮማተር የሚፈልገው 0.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሳይሰነጠቅ ሊለጠጥ የሚችለው 0.07 ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ ተይዞ ቢሆን ኖሮ የማይሰነጠቅ ኮንክሪት አይኖርም ነበር።

ቁልፉ «ተይዞ ቢሆን» የሚለው ነው። ኮንክሪት በነጻነት ከተኮማተረ አይሰነጠቅም፤ የሚሰነጠቀው መኮማተር ፈልጎ ሲከለከል ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ምን ያህል ይኮማተራል ብለን ብቻ ሳይሆን ማን ይይዘዋል ብለንም ነው።

መሬት ላይ የተኛን ኮንክሪት የሚይዘው በመጀመሪያ ከሥሩ ያለው ሰበቃ ነው። ይህን በቀላሉ ማስላት ይቻላል። 12 ሜትር ርዝመት ያለው መሠረት ወደ መካከሉ ሲኮማተር ግማሹ፣ ማለትም 6 ሜትሩ፣ በመሬቱ ላይ ይጎተታል። የኮንክሪትን ክብደት በአንድ ሜትር ኩብ 24 ኪሎ ኒውተን፣ የሰበቃውን መጠን 1.5 ብንወስድ፣ መካከሉ ላይ የሚፈጠረው መሳብ 1.5 ሲባዛ በ24 ሲባዛ በ6 ነው። ይህም 216 ኪሎ ፓስካል ወይም 0.22 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ኮንክሪቱ 2 መቋቋም ይችላል፤ የተጠየቀው 0.22 ብቻ ነው። በሰበቃ ብቻ ሊሰነጠቅ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በስሌቱ ውስጥ ውፍረት የለም። ኮንክሪቱ ሲወፍር ክብደቱ ይጨምራል፤ መሳቡን የሚሸከመው ስፋትም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። እንግዲያው 10 ሳንቲ ሜትር ወለልም 40 ሳንቲ ሜትር መሠረትም በዚህ ስሌት እኩል ናቸው። መሠረቱ አይሰነጠቅም ካልን ወለሉም አይሰነጠቅም ልንል ነው። ወለል ግን እንደሚሰነጠቅ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ታዲያ ልዩነቱ የት ነው?

ወለሉ ያለው፣ መሠረቱ የሌለው

ልዩነቱ ያለው ስሌቱ በተዋቸው ነገሮች ውስጥ ነው። ሦስቱን ልጥቀስ።

አንደኛው አደራረቁ ነው። ወለል ከላይ ብቻ ይደርቃል፤ ከታች እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። የላይኛው ፊት ሲኮማተር የታችኛው አይከተለውም፤ ስለዚህ ጠርዞቹና ማዕዘኖቹ ወደ ላይ ይነሣሉ፣ ከሥራቸውም ባዶ ይሆናል። ከዚያ በላዩ ክብደት ሲያርፍ ወለሉ እንደ ቀጭን ጣውላ ይጎብጣል። ወለልን በአብዛኛው የሚሰነጥቀው ይህ መጉበጥ ነው። መሠረት ግን በላዩ ግንብ ወይም ኮለን፣ በጎኑና በጀርባው አፈር አለበት። አፈሩ እርጥበቱን ይጠብቅለታል፤ ክብደቱም እንዳይነሣ ይጫነዋል። ዩሮኮድ 2 ኮንክሪት የሚኖርበትን አካባቢ ሲመድብ አብዛኞቹን መሠረቶች እርጥብና አልፎ አልፎ ብቻ ከሚደርቁት ጋር የሚያኖራቸው በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በአዲስ አበባ በበጋው ወራት የሌሊቱ ብርድና የቀኑ ፀሐይ ምን ያህል እንደሚራራቁ ታውቃላችሁ። የተገለጠ ወለል ይህን በየቀኑ ይቀበላል። ወደ መሬት ስንወርድ ግን የቀንና የሌሊቱ ልዩነት በፍጥነት ይጠፋል፤ ግማሽ ሜትር ያህል ከወረድን በኋላ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ላይ ያለ መሠረት ቀንና ሌሊቱን አይለይም።

ሦስተኛው ቅርጽና ብረት ነው። ወለል ሰፊና ቀጭን ነው፤ ኮለኖች ይወጉታል፣ ግድግዳዎች ይይዙታል፣ ወደ ውስጥ የገቡ ማዕዘኖች ይሰብሩታል። ብዙ ጊዜም ፌሮ የለውም ወይም ቀጭን መረብ ብቻ አለው። መሠረት ግን ጠባብና ወፍራም ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ለሸክም የተሰላ ፌሮ ይዟል። ለየብቻ የቆመው የኮለን መሠረት ደግሞ ከጥያቄው ውጭ ነው ማለት ይቻላል። 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ፉቲንግ በወለል ደንብ ቢለካ እንኳ ከአንድ ክፍል ያነሰ ነው።

የሕንፃው ክብደት ካረፈበት በኋላ ሰበቃው ይጨምራል የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ክብደት በአንድ ቀን አይመጣም። ግንቡ እየተገነባ፣ ወለል በወለል ላይ እየተደረበ ወራት ያልፋሉ። እስከዚያ የመጀመሪያው ሙቀት ወጥቶ ያልቃል፣ ኮንክሪቱ ይጠነክራል፣ ሲጫን ቀስ በቀስ የመላላት ባሕርዩም ከውጥረቱ ያቀልለታል።

ጆይንቱ ቢገባ ምን ይጎዳል?

ባያስፈልግ እንኳ ለጥንቃቄ ቢገባ ምን ይጎዳል የሚል ጥያቄ ይነሣል። አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው። ዕዳው ምን እንደሆነ በቁጥር እንየው።

1 ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ተከታታይ መሠረት እንውሰድ። በርዝመቱ 7 ባለ 12 ፌሮ አለው፤ 4ቱ ከታች 3ቱ ከላይ። ከሥሩ ማንም ያላወቀው የድሮ የመጸዳጃ ጉድጓድ ተደፍኖ ይገኛል እንበል፤ በአሮጌ ሰፈሮች ስንቆፍር የሚያጋጥመን ነው። ድፍኑ ሰምጦ 2 ሜትር ያህል ቦታ ላይ መሠረቱ ያለ ድጋፍ ቀረ። ከላዩ በአንድ ሜትር 60 ኪሎ ኒውተን ቢመጣበት፣ እንደ ቀላል ትራቭ አስልተን 30 ኪሎ ኒውተን ሜትር የሚያጎብጥ ኃይል ይደርስበታል። ከታች ያሉት 4 ፌሮዎች፣ የብረቱ ጥንካሬ 400 ሜጋ ፓስካል ከሆነ፣ ወደ 48 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይሸከማሉ። መሠረቱ ጉድጓዱን እንደ ድልድይ ይሻገረዋል፤ ባለቤቱም ጉድጓድ እንደነበረ ሳያውቅ ይኖራል። በዚያ 2 ሜትር መካከል ፌሮው የተቆረጠበት ጆይንት ቢኖር ግን የሚሸከመው ዜሮ ነው። መሠረቱ እዚያ ላይ ይታጠፋል፤ ከላይ ያለው ግንብ ይከተለዋል።

ፌሮው ሳይቆረጥ ከላይ ሩቡ ጥልቀት ብቻ ቢቆረጥስ? ያኔ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ግን አለ። የመጉበጥ አቅም ከውፍረቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ውፍረቱ ወደ 0.75 ሲወርድ የኮንክሪቱ ያለመሰንጠቅ አቅም ወደ 0.56 ይወርዳል። ሩቡን ቆርጠን ግማሽ የሚጠጋውን አጣን ማለት ነው። የቆረጣው ጥልቀት ለላይኛው ፌሮ የተሰጠውን ሽፋንም ይበላል፤ ብረቱን ራሱንም ሊመታ ይችላል። ብረቱን ከዝገት ለመጠበቅ 5 ሳንቲ ሜትር ሽፋን እየሰጠን፣ እስከ ብረቱ የሚደርስ ቦይ መቁረጥ ራሳችንን መቃረን ነው።

ይህ ጉዳይ በጥቁር አፈር ላይ ይበልጥ ይከፋል። በአዲስ አበባ ቦሌንና አቃቂን በመሳሰሉ ሰፈሮች የምናገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። እርጥበቱ በሕንፃው ጠርዝና በመካከሉ እኩል ስለማይለዋወጥ መሠረቱ በዓመት ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ለመጉበጥ ይገደዳል። ለዚህ ነው የላይም የታችም ፌሮ የሚያስፈልገው። በዚህ አፈር ላይ የሚገባ ጆይንት ሁለት ነገር ያደርጋል። መሠረቱን በማጠፊያ ይከፍለዋል፤ ለውኃም መግቢያ ይከፍታል። ውኃው በገባበት ቦታ አፈሩ ያብጣል፤ ያበጠው አፈር ጆይንቱን ይበልጥ ይከፍተዋል።

የመሬት መንቀጥቀጥንም መዘንጋት አይገባም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተከሠተው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የመሬት መንቀጥቀጥ ደንቦች የኮለን መሠረቶች በማገናኛ ትራቭ እንዲተሳሰሩ የሚጠይቁት፣ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አንዱ መሠረት ከሌላው እንዳይሸሽ ነው። ያ ትራቭ መሳብንም መጨመቅንም መሸከም አለበት። በመካከሉ የተዳከመ መስመር ማኖር የታሰረበትን ዓላማ ማፍረስ ነው።

እንግዲህ ዋናው ሐሳብ ይህ ነው። የወለል ተግባር ክብደቱን ለመሬቱ ማስተላለፍ ብቻ ነው፤ በመስመር ቢከፋፈል ተግባሩን አያጣም። የመሠረት ተግባር ግን የመሬቱን አለመተካከል አቻችሎ ሕንፃውን እንደ አንድ አካል መሸከም ነው። የተከፋፈለ መሠረት ይህን ተግባሩን ያጣል።

ጆይንት በቦታው የሚገባባቸው ሁኔታዎች

ይህን ስል ለመሠረት ፈጽሞ ጆይንት የለም ማለቴ አይደለም። ልዩ ልዩ ሁኔታዎች አሉ።

የመጀመሪያው ፌሮ የሌለው መሠረት ነው። የአሜሪካው ኤሲአይ 318 ደንብ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ፌሮ የሌለው ኮንክሪት በጆይንት እንዲከፋፈል ይጠይቃል። ምክንያቱም በፌሮ በተጠናከረ ኮንክሪት ውስጥ የመኮማተርን ውጥረት ብረቱ ይቀበላል፤ ብረት በሌለበት ግን ውጥረቱን ማቃለያው ጆይንት ብቻ ነው። ብረትና ጆይንት ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ ሁለት የተለያዩ መልሶች መሆናቸውን ደንቡ ራሱ እየነገረን ነው።

ሁለተኛው በጣም ረጅም የሆነ መሠረት ነው። ያንኑ የሰበቃ ስሌት 60 ሜትር ላለው የአጥር መሠረት ብታሰሉት 1.08 ሜጋ ፓስካል ታገኛላችሁ። ይህ ኮንክሪቱ ጠንክሮ ሲያበቃ አይሰብረውም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ ረጅም አጥር ስንሠራ ወይ ፌሮውን እንጨምራለን፣ ወይ አጥሩን ከመሠረቱ እስከ አናቱ በሙሉ ጆይንት እንለያየዋለን። አጥር ጣሪያና ወለል ስለማይሸከም መከፋፈሉን ይችላል። የአፈር መደገፊያ ግንብ ደግሞ በመካከላቸው ነው። የአሜሪካው የአሽቶ ደንብ ለግንቡ በየ9 ሜትሩ የመኮማተሪያ፣ በየ27 ሜትሩ የመስፊያ ጆይንት እንዲኖር ይጠይቃል፤ የግንቡ ፊት ለአየር የተጋለጠ ነውና። የመኮማተሪያዎቹ ጆይንቶች ግን በተለመደው አሠራር በግንቡ ላይ ይቀራሉ፤ አፈር ውስጥ ያለው መሠረት ሳይቋረጥ ያልፋል።

ሦስተኛው ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የእንቅስቃሴ ጆይንት ነው። ዩሮኮድ 2 ሕንፃን በየ30 ሜትሩ የሚከፍል ጆይንት ካለ የሙቀትና የመኮማተር ውጤት በአጠቃላዩ ስሌት ሊታለፍ እንደሚችል ይመክራል። ይህ ስለ ሕንፃው የተነገረ ነው። ጆይንቱ ለሙቀት ከሆነ በተለምዶ ከመሠረቱ አናት ላይ ያበቃል፤ ሁለቱ ኮለኖች ጎን ለጎን በአንድ ፉቲንግ ላይ ይቆማሉ። ከታች የሙቀት ለውጥ ስለሌለ የሚለይ ነገር የለም። ጆይንቱ ለመሬት መስመጥ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ አሥር ፎቅ ሕንፃ ከአንድ ፎቅ ጋር ሲገናኝ ወይም ግማሹ አለት ግማሹ አፈር ላይ ሲቆም፣ መሠረቱን ጭምር ቆርጦ ማለፍ አለበት። ሕንፃውን ለያይቶ መሠረቱን አንድ ካደረግነው ምንም አልለየንም። ፈታኙ በፈተና ይህን ቢጠይቃችሁ ምክንያቱን መልሱ፤ ምክንያቱ ካለ ሥዕሉ ራሱ ይመጣል።

አራተኛው እጅግ ግዙፍ ኮንክሪት ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ያወጣል። ውፍረቱ ከአንድ ሜትር ሲያልፍ ውስጡ እንደጋለ ፊቱ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ልዩነት ይሰነጠቃል። የዚህ ታላቁ ምሳሌ ከ1931 እስከ 1936 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተሠራው የሁቨር ግድብ ነው። ኮንክሪቱ በትልልቅ ብሎኮች ተከፍሎ ተሞላ፤ በውስጡ በተቀበሩ ቧንቧዎች ቀዝቃዛ ውኃ እየተላለፈ ሙቀቱ እንዲወጣ ተደረገ። ብሎኮቹ ቀዝቅዘው ተኮማትረው ሲያበቁ በመካከላቸው የቀረው ክፍተት በሲሚንቶ ሙጫ ተሞላ። እዚህ ላይ የሚደንቀኝ የመጨረሻው ሥራ ነው። ግድቡ እንደ አንድ አካል መሥራት ስለነበረበት፣ ጆይንቱ አገልግሎቱን ከሰጠ በኋላ ተዘጋ። በትልልቅ የሕንፃ ራፍት መሠረቶችም የምንጠቀምበት ዘዴ በመንፈሱ ተመሳሳይ ነው። አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን ክፍት መስመር እንተዋለን፤ ፌሮው በውስጡ ያልፋል፤ ሁለቱ ወገን ከተኮማተሩ ከሳምንታት በኋላ መስመሩ በኮንክሪት ይሞላል።

በጆይንት ፋንታ ምን እናድርግ?

መሠረት እንዳይሰነጠቅ፣ ቢሰነጠቅም እንዳይጎዳ የሚያደርጉት ነገሮች የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ ፌሮው ነው። ኤሲአይ 318 ለመኮማተርና ለሙቀት የሚጠይቀው አነስተኛ ብረት ከኮንክሪቱ ስፋት 0.0018 ነው። ለምሳሌያችን መሠረት 720 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 7 ባለ 12 ይሸፍነዋል። ይህ መጠን ሙሉ በሙሉ ለተያዘ ኮንክሪት እንደማይበቃ ግን ልናውቅ ይገባል። 40 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር የሆነው ኮንክሪት ሲሰነጠቅ የሚለቀው 800 ኪሎ ኒውተን ነው፤ 7ቱ ፌሮዎች የሚይዙት ግን 316 ብቻ ነው። አነስተኛው ብረት የሚበቃው መሠረቱ በአፈር ስለተሸፈነና መያዣው ቀላል ስለሆነ ነው። ሁኔታው ከተለወጠ ብረቱም መለወጥ አለበት።

ሁኔታው የሚለወጥበት አንድ የተለመደ አጋጣሚ አለን። በአገራችን ብዙ ቤት ግሬድ ቢም ላይ ደርሶ ይቆማል። ባለቤቱ ገንዘብ እስኪያገኝ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ግሬድ ቢሙ ፀሐይና ብርድ ይፈራረቁበታል። አፈር ሳይለብስ፣ በሁለቱም ጫፍ በኮለን ተይዞ፣ ከላይም ከጎንም ይደርቃል። እዚህ ላይ መሰንጠቁ እውነተኛ ሥጋት ነው። መፍትሔው ግን አሁንም መቁረጥ አይደለም፤ የጎን ፌሮ ማኖር፣ በሚገባ ውኃ ማጠጣትና ከተቻለ ቶሎ አፈር መመለስ ነው።

ውኃ ማጠጣት ስል ጠዋትና ማታ በባልዲ መርጨትን አይደለም። ጆንያ አልብሶ ቢያንስ 7 ቀን ሳይደርቅ ማቆየትን ነው። መሠረቱ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ይረሳል። የኮንክሪቱ ውኃም መብዛት የለበትም። ለመሙላት እንዲመች የሚጨመረው እያንዳንዱ ባልዲ በኋላ በመኮማተር ይከፈላል።

ሙሌቱ በአንድ ቀን የማያልቅ ከሆነ የት እንደሚቆም አስቀድማችሁ ወስኑ። ሲሚንቶ ሲያልቅ ወይም ዝናብ ሲመጣ የተቆመበት ቦታ ኮንስትራክሽን ጆይንት ሊሆን አይገባም። ከኮለን ሥር ራቁ፤ የመቆረጥ ኃይል አነስተኛ የሆነበትን ቦታ ምረጡ። ፊቱ ሻካራ ይሁን፤ በማግሥቱ ልል የሆነው ተጠርጎ፣ ታጥቦና ረጥቦ ይቀጠል። ፌሮው ሳይቋረጥ ይለፍ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስንጥቅ ቢታይ ከመደንገጥ በፊት ማንበብ ይቀድማል። ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነና ከ0.3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ቀጭን ስንጥቅ በአብዛኛው የመኮማተር ነው፤ ዩሮኮድ 2 በእንዲህ ያለ እርጥብ አካባቢ የሚፈቅደውም እስከዚሁ ነው። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ከሆነ ጫፎቹ እየሰመጡ ነው። ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ የሚጠብ ከሆነ መካከሉ እየሰመጠ ነው። አንዱ ወገን ከሌላው ዝቅ ብሎ ደረጃ ከፈጠረ ፌሮው ተቋርጧል ወይም አልነበረም። ከተጠራጠራችሁ በስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፉና ቀን ጻፉበት። ጀሶው ሳይሰነጠቅ ክረምትና በጋ ካለፈ ስንጥቁ ቆሟል፤ ከተሰነጠቀ ግን ሥራው ገና አላበቃም፣ ምክንያቱም ከአፈሩ ይፈለጋል።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ በአንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ጆይንት ይግባ አይግባ ተብላችሁ ስትጠየቁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን ኮንክሪት ማን ይይዘዋል? ውጥረቱን የሚቀበል ብረት አለው ወይ? ተከፋፍሎ ተግባሩን ሊፈጽም ይችላል ወይ? የሦስቱ መልስ ለወለል አንድ ነው፣ ለመሠረት ሌላ፣ ለአጥር ደግሞ ሌላ። አንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን የሚያሳርፍበት ኮንክሪት አፈር ከለበሰ በኋላ ተመልሶ የሚያየው የለም። የሚወሰነው ከመሸፈኑ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ በእነዚያ ቀናት በቦታው የምትገኙት ደግሞ እናንተ ናችሁ።